የተዋጠችው የመጀመሪያ ጥሪ

ይድረስ ከእናቴ ቀጥላ ላሳደገችኝ ለታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንዴት ነሽ? እንዴት ሰነበትሽ? ዓይንሽስ እንዴት ሆነልሽ? ባለፈው ደብዳቤሽ «መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት መንታዎቹን መጥራት ጀመርኩ» ያልሽው ከሆዴ አልወጣም። መነጽሩን አስለካሽ ወይስ አሁንም «ይቺ የሙሽራ ቀሚስ ትለቅና፣ ያ ዩኒፎርም ይለቅና» እያልሽ ነው? ልብስ ሰፊ ዓይኗ ከደከመ ምን ይቀራታል? እባክሽ ለሰው ልብስ ከምትሰጪው ጊዜ አንድ ቀኑን ለራስሽ ስጪ።

እማማስ? ጉልበቷ ቅዝቃዜውን እንዴት ቻለው? ሰገነት እየወጣች ልብስ ማስጣቱን ተወች ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፤ እንደማትተው አውቃለሁ። ባለቤትሽ ጋሽዬ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ወገቡን ይዞ ግድግዳ የሚደገፈው ነገር ተሻለው? መኪናው አይደለም ወገቡ ነው ጋራዥ መግባት ያለበት በይልኝ። መንታዎቹ ልጆችሽስ አሁንም አንዱ ሲያመው ሌላውም አብሮ ትምህርት ቤት አልሄድም ይላል? «ሁሉም ደህና ነው» ብለሽ በአንድ መስመር አትሸኚኝ፤ አንድ በአንድ ንገሪኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ይህችን ቃል በላክሁልሽ ደብዳቤ ሁሉ ጽፌያታለሁ፤ አንዳንዴ አንቺ እንድታምኚኝ፣ አንዳንዴ ደግሞ ራሴ እንዳምናት። ዛሬ ግን እውነቴን ነው። ሰኞ ሆኖ ዕረፍት ተሰጥቶኝ ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ፤ እግሬን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፍልሽ። ሁለት ሳምንት ገደማ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር ቅዳሜ ዕለት ወረደልኝ። ለማን ልንገረው ብዬ ሳስብ ከአንቺ ሌላ ሰው አልመጣልኝም። ረዘም ይላልና ሥራሽን አስቀምጠሽ አንብቢው።

እማማ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ሆስፒታል ውስጥ መብራት ታበራለች፣ ታጠፋለች» እያለች እንደምታወራ ስትነግሪኝ በሳቅ ሞቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ «የምሠራው ስዊች ላይ ነው» ስላት የግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ መስሏታል። እኔ የምለው ስዊች ሌላ ነው። የስፌት መኪናሽን መሳቢያ የሚያህል ጠፍጣፋ የብረት ሳጥን ሲሆን ፊቱ ላይ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ቀዳዳዎች አሉት። ከየክፍሉ የሚመጣው ገመድ እዚያ ይሰካል፤ የሐኪሙ ኮምፒውተር፣ የመድኃኒት ቤቱ ስልክ፣ በየአልጋው ራስጌ ያለው የነርስ መጥሪያ ደወል፣ ሁሉም። አንዱ የላከውን ተቀብሎ ለሚፈለገው የሚያደርሰው ያ ሳጥን ነው። በሆስፒታላችን ሠላሳ ስምንት አሉ፤ በየፎቁ በጠባብ ክፍል ውስጥ ተቆልፎባቸው ይኖራሉ። በደህና ሲሠሩ ማንም አያስታውሳቸውም። ሲያቆሙ ግን ሕንፃው ሁሉ የእኔን ስም ያስታውሳል።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ የደበቅኩሽ ነገር አለ። የቀድሞ ሥራዬን፣ የአውቶቡስ መናኸሪያውን፣ «የተሻለ አግኝቼ ለቀቅኩ» ብዬሽ ነበር። ውሸቴን ነው፣ እትዬ። አባረውኝ ነው። አንድ ጠዋት መናኸሪያው በሰው ጢም ብሎ ሳለ ዋናው ስዊች ላይ አንዲት መስመር ትእዛዝ ቀየርኩ። መቶ ጊዜ የሠራኋት ዓይነት ነበረች፤ «ይህችን ደግሞ ምን ያስሞክራታል» ብዬ ናቅኋት። ቁልፉን ስጫን ትኬት መቁረጫዎቹ በሙሉ ድርግም አሉ። እኔ ራሴ ከስዊቹ ጋር የምገናኝበትን መንገድም አብሬ ቆርጬው ስለነበር መመለሻ አጣሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ሰዉ ተሰልፎ ቀረ። ከሰልፉ መሐል ጥቁር የለበሰ አንድ ሰውዬ ወደ መስኮቱ መጣና ሳይጮህ፣ ሳይሳደብ፣ «የወንድሜ ቀብር ስምንት ሰዓት ላይ ነው» አለ። አልደረሰም። በማግስቱ ሲያባርሩኝ ቅር አላለኝም፤ የሰውዬው ድምፅ ግን ከጆሮዬ አልጠፋም። ያልነገርኩሽ ትቆጪኛለሽ ብዬ ፈርቼ አልነበረም። «አይዞሽ» እንዳትይኝ ነው። ያን ጊዜ አይዞሽ መባል አልፈለግኩም።

እዚህ ሆስፒታል ከገባሁ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው እንጂ። ሻዩን ቆሞ ይጠጣል፤ ሰው ሰላም ሲል መልሱን የሚሰጠው ካለፈ በኋላ ነው። ከጀርባው «ፈጥኖ ደራሽ» እንለዋለን። ከሁለት ሳምንት በፊት የስዊቾቹ አምራች በኔትወርኩ በኩል ሌባ ሾልኮ እንዳይገባ የሚከላከል አዲስ ሶፍትዌር ላከልን። ለውጡ የግድ ያስፈልገን ስለነበር እሱ ላይ አልተከራከርኩም። ፈጥኖ ደራሽ ግን ማንንም ሳያማክር ለዳይሬክተሩ «ቅዳሜ ጠዋት ሠላሳ ስምንቱንም በአንድ ጊዜ እንጨርሳለን» ብሎ ቃል ገብቶ መጣ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል? ቢሮው ገብቼ መጀመሪያ አንዱን ለብቻው እንሞክረው፣ ከዚያ አንድ ፎቅ እንለውጥ፣ ከዚያ ሌላውን አልኩት። «አምራቹ ሞክሮታል እኮ!» አለኝ። አምራቹ የሞከረው እሱ ዘንድ ባለው ዕቃ ነው፤ የእኛን አሮጌ ዕቃ በምን ያውቀዋል አልኩ። የለውጡን የፈቃድ ወረቀት ገፋ አድርጎ ፊቴ አስቀመጠው። ሁለት ፊርማ ይፈልጋል፤ የእሱ አንዱ ጥግ ላይ ተፈርሞ ደርቋል። እስክሪብቶ አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። «ሳልሞክር አልፈርምም» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «እስከ ዓርብ ጊዜ አለሽ። ከዚያ በኋላ የሚፈርም ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለ።

«ሌላ ሰው» የምትለዋን ቃል ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። ከሆስፒታሉ እስከ ክፍሌ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው፤ ጫማ ጠጋኙንና ፀጉር አስተካካዩን አልፌ፣ የልብስ ማጠቢያ ቤቱን እንፋሎት አቋርጬ አራት ፎቅ እወጣለሁ። የዚያን ዕለት ማንን ሰላም እንዳልኩ አላስታውስም። ዳግመኛ ብባረር ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ነበር የማሰላስለው። ሌላ ውሸት ለመፈልሰፍ አቅም አልነበረኝም።

ረቡዕ ጠዋት ምድር ቤት ገባን። ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጎን መስኮት የሌላት አንዲት ክፍል አለችን። አብረውኝ የነበሩት በዚህ ሕንፃ ውስጥ ያለውን ገመድ ሁሉ በእጃቸው የዘረጉ፣ ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት የቀራቸው አዛውንት ናቸው፤ ሁሉም «አባባ ገመዱ» ነው የሚላቸው። መለዋወጫ ስዊች ከመደርደሪያ አውርደው፣ አቧራውን አራግፈው ጠረጴዛ ላይ አኖሩልኝ። ኮምፒውተር ሰካን፤ ስልክ ሰካን፤ አዲሱን ሶፍትዌር ጫንኩ። ስዊቹ ጠፍቶ ተነሣ፤ መብራቶቹም አንድ በአንድ አረንጓዴ ሆኑ። ስልኩ ጮኸ፤ ኮምፒውተሩም ተገናኘ። የቀረን ደወሉ ነበር።

ደወል ለመዋስ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። የፎቁ ኃላፊ የሆነችው ሲስተር ዕቃ እንደ ዋዛ የምትሰጥ ሴት አይደለችም። «ከእኔ ክፍል መርፌ ቢወጣ ተከትዬው እሄዳለሁ» ትላለች። እውነትም ከአንድ ባዶ አልጋ ራስጌ ደወል አስፈትታ፣ ራሷ በእጇ ይዛ አብራኝ ወረደች። አሥር ዓመት ያገለገለ፣ መጫኛው በስንት ሰው አውራ ጣት ተፍቆ የለሰለሰ ደወል ነው። ሰካነው። ስጫነው ጠረጴዛው ላይ ያኖርነው የጥሪ ተቀባይ መሣሪያ ጮኸ። ደገምኩ፤ ጮኸ። አሥር ጊዜ ተጫንኩ፤ አሥሩንም ጊዜ ጮኸ። ፈጥኖ ደራሽ በር ላይ ብቅ ብሎ ይሰማ ኖሮ «አየሽ? አየሽ? በይ ነይና ፈርሚ» ብሎኝ ደስ እያለው ሄደ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም እፎይ ብዬ ልነሣ ነበር።

ሲስተሯ ግን ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም። ደወሉን በእጇ እያገላበጠች «እንዲህ የሚጫን በሽተኛ አይቼ አላውቅም» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቅኋት። «እናንተ እንደ ልጅ መጫወቻ ጠቅ ጠቅ ታደርጉታላችሁ። በሽተኛ አራት ሰዓት ተኝቶ ነው አንዴ የሚጫነው። አቅሙ ለአንዴ ብቻ የሆነም አለ» አለችኝ። ሰዓቷን አየችና ተጣድፋ ወደ ሥራዋ ወጣች።

አባባ ገመዱና እኔ ተያየን። «እስቲ እንተወው» አሉ። ማንም ሳይነካው ተውነው። እሳቸው ጋዜጣቸውን ዘረጉ፤ እኔ ጥፍሬን እየበላሁ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። አርባ ደቂቃ ሲሞላ ተነሥቼ አንዴ ተጫንኩ።

ዝም።

ተቀባዩ ጭጭ ብሏል። ስዊቹ ላይ ያለው መብራት ግን እንደ ነበረው አረንጓዴ ነው፤ ለሚያየው ሁሉ ሰላም ይመስላል። ሁለተኛ ስጫን ጮኸ። እጄን በአፌ ጫንኩ። አባባ ገመዱ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው «የመጀመሪያዋን ዋጣት» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲሱ ሶፍትዌር እንደ ዘበኛ ሆኖ የተሰካውን ሁሉ «ማን ነህ?» ይላል። ግማሽ ሰዓት ዝም ያለውን ደግሞ «ሄዷል» ብሎ በር ይዘጋበታል። ኮምፒውተርና ስልክ ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፉ ስለሚውሉ ምንም አይሆኑም። ያ አሮጌ ደወል ግን ካልተጫኑት ትንፍሽ አይልም። በሽተኛው ሲጫነው የመጀመሪያዋ ጥሪ የተዘጋ በር ታንኳኳለች፤ ዘበኛው ማንነቷን ሲያጣራ እሷ ጠፍታለች። የምታልፈው ሁለተኛዋ ናት። እንዲህ ያሉ ደወሎች በሦስት የሕሙማን ክፍሎች፣ በመቶ አሥራ ሁለት አልጋ ራስጌ አሉ። ፈርሜ ቢሆን ኖሮ ለብዙ ቀን ማንም ልብ አይልም ነበር። አንዱ በሽተኛ «ነርሷ ዘገየች» ይላል፤ ሌላው ደግሞ ይጫናል፤ አቅሙ ለአንዴ ብቻ የሆነውስ? ከዚያ ወዲያ ማሰብ አልቻልኩም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ለፈጥኖ ደራሽ በቃል ብነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ እንደሚል አውቃለሁ። ሐሙስ ጠዋት ሄጄ «ምድር ቤት ይምጡልኝ፤ አርባ ደቂቃ ይፈጃል» አልኩት። «አርባ!» ብሎ ጮኸ፤ መምጣቱን ግን መጣ። እትዬ፣ ለዚያ ሰው አርባ ደቂቃ መቀመጥ እስራት ነው። ተነሣ፤ ተቀመጠ፤ ስልኩን አየ፤ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሳጥኖች ቆጠረ፤ አባባ ገመዱን ስለ ጡረታቸው ጠየቀና መልሱን ሳይሰማ ስለ ልጆቻቸው ጠየቀ። ጊዜው ሲደርስ ደወሉን እጁ ላይ አስቀመጥኩና «አሁን በሽተኛ ነዎት። አቅምዎ ለአንዴ ብቻ ነው። ይጫኑት» አልኩት። ተጫነ። ምንም የለም። ተቀባዩን አየ፤ እኔን አየ። «ልድገመው?» አለ። «አቅም የለዎትም» አልኩት።

ፈጥኖ ደራሽ ደወሉን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «እናቴ በመጨረሻዋ ሰሞን እንዲህ ያለ ደወል ነበራት» አለ። እዚያው እንደቆመ ለዳይሬክተሩ ደወለ። ጥፋቱን ወይ በእኔ ወይ በአምራቹ ያላክካል ብዬ ስጠብቅ፣ «ቅዳሜ አይሆንም። ቸኩዬ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። አንድ ሳምንት ይጨመርልን» ሲል ሰማሁት። ስልኩን ሲዘጋ «በይ፣ እንደምታውቂው አድርጊው» አለኝ። ሰውን በቅጽል ስሙ ብቻ መለካት ልክ እንዳልሆነ ያን ዕለት ገባኝ፤ ቅጽል ስሙን ግን አልተውንም።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ቀለለኝ። ለዘበኛው የደወሎቹን በር እንዳይዘጋ፣ ዝም ማለት ሥራቸው መሆኑን የሚነግር ትእዛዝ ጨመርኩለት። አርባ ደቂቃ ትተን ተጫንን፤ ጮኸ። ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ትተን ተጫንን፤ ጮኸ። ሆነ ብለን ኤሌክትሪኩን ነቅለንበት ተነሥቶ ጮኸ። መመለሻውንም ተለማመድነው፤ ማለትም ነገሩ ቢበላሽ ወደ አሮጌው እንዴት እንደምንመለስ። መናኸሪያው ላይ ያጣሁት እሱን ነበርና አሥራ አንድ ጊዜ ደጋገምኩት። «ወደ ኋላ ለመሄድ እንዲህ የምትተጋ ልጅ ገና አሁን አየሁ» ብለው አባባ ገመዱ ሳቁብኝ። እሳቸውም በበኩላቸው በየፎቁ እየዞሩ እያንዳንዱ ገመድ ላይ ቁጥር የጻፉበት ፕላስተር ይለጥፉ ነበር። ምን ያደርግልናል ብላቸው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ቁጭ ብዬ ልታጠቅ» አሉኝ።

ሰኞ ዕለት በሽተኛ የሌለበትን የጽሕፈት ቤቱን ፎቅ ብቻ ለወጥንና አራት ቀን ጠበቅን። አንዲት ጸሐፊ «ማተሚያዬን አበላሻችሁት» ብላ እያማረረች መጣች፤ ሄጄ ባየው ወረቀት አልቆበት ነው። ሌላ ምንም አልተሰማም። ዓርብ ዕለት ወረቀቱን ፈረምኩ። አልፈራሁም ብልሽ እዋሽሻለሁ፤ ዛሬ ደግሞ ላልዋሽ ነው የተቀመጥኩት።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሐኪሞቹ የሕሙማን ጉብኝታቸውን ጨርሰው ሲወጡ ጀመርን። በአንድ ጊዜ መሆኑ ቀርቶ ክፍል በክፍል ነው የምንለውጠው። ስዊቹ ጠፍቶ በሚነሣበት አምስት ደቂቃ ውስጥ ነርሶቹ በአልጋዎቹ መካከል ይቆማሉ፤ ይህን ሥርዓት ያወጣችው ሲስተሯ ናት። አንደኛ ፎቅ በሰላም አለፈ። ሁለተኛ ፎቅም አለፈ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስዊቹ ጠፋና ሳይነሣ ቀረ። አምስት ደቂቃ ሞላ፤ ስድስት ሆነ። ጠባቧ ክፍል ውስጥ ተንበርክኬ የሳጥኑን ፊት አፍጥጬ አያለሁ፤ አንዲት መብራት እንኳ የለችም። ያ ጥቁር የለበሰ ሰውዬ ከኋላዬ የቆመ መሰለኝ።

«ስንት ደቂቃ ብለን ነበር?» አለኝ ፈጥኖ ደራሽ ከበሩ። «ሰባት» አልኩ። «ሞላ» አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ቆይ ትንሽ እንጠብቀው፣ አሁን ይነሣል» እየተባባልን ቀኑን እናጋምሰው ነበር። በሰባተኛው ደቂቃ ምን እንደምናደርግ ቀድመን ጽፈን ስለነበር ግን የሚያከራክር ነገር አልነበረም። በኋላ ሳየው ሶፍትዌሩ ምንም አላደረገውም፤ እርጅና ነው የጣለው። ስንት ዓመት ሳይጠፋ የኖረ ዕቃ አንዴ ሲያጠፉት መነሣት አቃተው። አባባ ገመዱ ምድር ቤት የሞከርነውን መለዋወጫ እንደ ሕፃን አቅፈው በሩ ላይ ቆመው ነበር። አሮጌውን ፈታሁ፤ እሱን አስገባሁ። አርባ አንድ ገመድ ነው፤ እሳቸው ከፕላስተሩ ላይ ቁጥር ይጠራሉ፤ እኔ እሰካለሁ። «አሥራ ሰባት!» «ገባ!» «አሥራ ስምንት!» «ገባ!» አለቃችን የእጅ ባትሪ ይዞ ያበራልናል፤ ላቡ አፍንጫው ጫፍ ላይ ይንጠባጠባል፤ ከቦታው ግን ንቅንቅ አላለም። ስምንት ደቂቃ ሳይሞላ የመጨረሻው ገመድ ገባ፤ መብራቶቹም ከላይኛው ረድፍ ጀምረው አረንጓዴ ሆኑ።

አረንጓዴ መብራት እንደማይታመን ግን አይተናልና መጠበቅ ነበረብን። ሲስተሯ ክፍሉን በሙሉ «ለአርባ ደቂቃ ደወል የሚነካ የለም፤ የፈለጋችሁትን አጠገባችሁ ለቆመችው ነርስ በአፍ ንገሩ» ብላ አስጠነቀቀች። ከጥጉ አልጋ ላይ አንድ አዛውንት ተኝተዋል። ሕመሙ ግማሽ አካላቸውን ስለያዘው መናገር አይችሉም፤ የሚታዘዝላቸው የግራ እጃቸው አውራ ጣት ብቻ ነው። ሲስተሯ ጎንበስ ብላ «አባባ፣ ጊዜው ሲደርስ የሚጫኑልን እርስዎ ነዎት» አለቻቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ። እሺ ማለታቸው ነው።

አርባ ደቂቃ እንዴት እንዳለፈ አትጠይቂኝ። ግድግዳ ተደግፌ የወለሉን ንጣፍ ቆጠርኩ። ጊዜው ሲደርስ ሲስተሯ ኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው ጠረጴዛዋ ሄደች፤ እኔ አዛውንቱ አጠገብ ቀረሁ። ራሴን ነቀነቅሁላቸው። አውራ ጣታቸው ቀስ ብላ ደወሉ ላይ ወጣችና አንዴ ተጫነች።

ከኮሪደሩ ጫፍ ጮኸ። ከበሩ በላይ ያለው መብራት ቦግ አለ። ሲስተሯ ሙከራ መሆኑን እያወቀች እየሮጠች መጣች፤ ደወል ሲጮህ መራመድ አታውቅም። «ተባረኩ አባባ፣ ሠራ!» አለቻቸውና ደወሉን አጠፋች። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ ይወስዳሉ፤ ወደ እሷ ይመልሳሉ፤ ደግመው ይወስዳሉ። እኔ ግራ ገባኝ። እሷ ወዲያው ገባት። ለሥራ ብለን ያስገባነው መሰላል መጋረጃውን ስቦ ፀሐይዋን ጋርዶባቸው ነበር። ለእኛ ሙከራ ብለው አልነበረም የተጫኑት፤ ጉዳይ ኖሯቸው ነው የጠሩን። መሰላሉን አነሣሁ፤ ሲስተሯ መጋረጃውን ገለጠችው። ብርሃኑ ብርድ ልብሳቸው ላይ ሲወርድ በግማሽ ፊታቸው ፈገግ አሉ።

ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ፣ እትዬ። ሐዘን አልነበረም፤ አንጀቴ ርሶ ነው። አባባ ገመዱ ምንም ሳይሉ መሐረባቸውን ሰጡኝ፤ የገመድ ቅባት ይሸታል፤ በዚያው ፊቴን አጠቆርኩት። የቀሩትን ክፍሎች አሥር ሰዓት ላይ ጨረስን። ትናንት እሁድ እስከ እኩለ ቀን ተኛሁ፤ ማንም አልደወለልኝም። ከእንቅልፌ ስነቃ ስልኬ ተበላሽቶ ይሆን ብዬ አየሁት፤ ደህና ነው። የጠራኝ ስላልነበረ ነው።

ለእማማ ስታነቢላት የምትዘልያት አንዲት መስመር ደግሞ ይኸውልሽ፦ የዓመት ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። በመጪው ወር አጋማሽ አሥራ ሁለት ቀን እናንተ ጋ ነኝ። ለእማማ ካሁኑ አትንገሪያት፤ ቀን ስትቆጥር እንቅልፍ ታጣለች።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ልጅሽ መብራት ሳይሆን ደወል ጠባቂ ሆናለች በያት፤ እሱን ለጎረቤት ለማስረዳት እሷው ትቸገር። ጋሽዬን ወገቡን አሳሽተህ ጠብቀኝ ብላሃለች በይልኝ። ለትልቋ ልጅሽ የፈተናዋን ውጤት በራሷ እጅ እንድትጽፍልኝ ንገሪያት፤ የጽሕፈቷን ማማር ከአንቺ ወሬ ይልቅ ማየት ይሻለኛል። መንታዎቹን ሁለቱንም እኩል ሳሚያቸው፤ አንዱን ካስቀደምሽ ጦርነት ነው። አጠገብሽ ተቀምጣ ቁልፍ የምትተክለዋን ጓደኛሽን፣ የታችኛው ቤት ጡረተኛ መምህራችንን፣ ስሜን ጠርቶ ለጠየቀሽ ሁሉ ሰላም በይልኝ። ያልጠየቀም ካለ እሱንም ሰላም በይው፤ ዛሬ ማንንም መቀየም አልቻልኩም።

አንቺን ዓይንሽን ስሜያለሁ።

ታናሽሽ

ከሆስፒታሉ ማዶ፣ ከአራተኛ ፎቅ ክፍሌ
ሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን